ልጆችን በኢንተርኔት ላይ መጠበቅ፦ ገመናን ከምስጢር ስለ መለየት

የዚህ ትምህርት ዓላማ ወላጆች ልጆቻቸውን በኢንተርኔት ላይ ከሚደርስ ጉዳት እንዴት እንደሚጠብቁ ማስረዳት ነው። ወላጆች በዚህ ጉዳይ ሲጠይቁ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ስልኩ ነው። «በስንት ዓመቱ ስልክ ልግዛለት? ቲክቶክን ላጥፋባት ወይስ ልተወው? በቀን ስንት ሰዓት ይበቃዋል?» ይላሉ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ወደ ስልኩም በቦታው እንመጣለን። የምንጀምረው ግን ከስልኩ አይደለም። አስቀድመን መጠበቅ ምን እንደሆነ፣ አደጋው ከየት እንደሚመጣ፣ ገመናና ምስጢር በምን እንደሚለያዩ እንወቅ። ይህን የለየ ወላጅ ነገ ሌላ አዲስ መተግበሪያ ቢመጣ አይደናገርም።

መጠበቅ ማለት አደራ የተቀበለ ሰው የተሰጠውን ከጉዳት እየከለለ ወደሚገባው ደረጃ ማድረስ ነው። በዚህ ፍቺ ውስጥ ሁለት ሥራዎች አሉ፤ አንዱ መከለል፣ ሌላው ማድረስ። ልጅ ከእግዚአብሔር የተሰጠ አደራ ነው ብለን ስናምን፣ አደራው ከሁለቱ በአንዱ ብቻ እንደማይፈጸም መረዳት አለብን። ልጁን ከሁሉ ነገር የከለለ፣ ነገር ግን ክፉና ደጉን ራሱ እንዲለይ ያላስተማረ ወላጅ አደራውን ያደረሰው እስከ ግማሽ ነው። ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስልኩን የሚቆጣጠርለት ሰው አይኖርም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ወላጅ ልጁን እንዲያስተምር ሲታዘዝ ትእዛዙ ለአንድ የትምህርት ሰዓት የተወሰነ አልነበረም፤ ቤት ሲቀመጥም፣ መንገድ ሲሄድም፣ ሲተኛም፣ ሲነሣም እንዲነግረው ነው። የምንነጋገርበት ጥበቃም እንዲሁ የየዕለት ወሬ እንጂ የአንድ ቀን ምክር አይደለም።

ከመጠበቅ ጋር የሚደባለቁ ሦስት ሥራዎች አሉ፤ እነርሱም መከልከል፣ መከታተልና መሰለል ናቸው። መከልከል አንድን ነገር ለልጁ አለመፍቀድ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ተገቢ ነው፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ግን ቦታው እየጠበበ ይሄዳል። መከታተል ልጁ እያወቀ የሚያየውንና የሚያነጋግረውን ማየት ነው። መሰለል ደግሞ ያንኑ ልጁ ሳያውቅ ተደብቆ ማየት ነው። ክትትልንና ስለላን የሚለያቸው ወላጁ ያየው ነገር አይደለም፤ የልጁ ማወቅና አለማወቅ ነው። «ዘንድሮ ስልክህን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እናያለን» የተባለ ልጅ ክትትል ላይ ነው። እናቱ እንቅልፍ እስኪወስደው ጠብቃ መልእክቶቹን የምታነብበት ልጅ ስለላ ላይ ነው። ሁለተኛው ልጅ አንድ ቀን ነገሩን ያውቃል፤ ሲያውቅም የሚማረው ጥንቃቄን ሳይሆን መደበቅን ነው። ሌላ አካውንት ይከፍታል፤ ወሬውን በጓደኛው ስልክ ያወራል። ያን ጊዜ ወላጁ የሚያየው ስልክ ባዶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ በግልጽ አደጋ ውስጥ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ካለ፣ ለምሳሌ ድንገት ከሰው ከተለየ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከደነገጠ፣ ወላጅ ስልኩን የማየት ግዴታ አለበት። ያኔም ቢሆን ፊት ለፊት ይሁን፤ «ፈርቼልሃለሁና አየዋለሁ» ብሎ።

እንግዲህ መጠበቅ መከለልና ማድረስ እንደሆነ፣ መከታተል ከመሰለል የሚለየውም በልጁ ማወቅ እንደሆነ አየን። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ የምንከልለው ከምንድን ነው?

አደጋና ጉዳት አንድ አይደሉም። አደጋ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ሁኔታ ነው፤ ጉዳት ደግሞ የደረሰው ነገር ነው። መኪና ባለበት መንገድ ሁሉ አደጋ አለ፤ መንገድ የተሻገረ ልጅ ሁሉ ግን አይጎዳም። ይህን የምንለየው ለመረጋጋት ነው፤ የተደናገጠ ወላጅ በደንብ አያስተምርምና። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ የከተማ ልጆች የቤት ሥራቸውን የተቀበሉት በቴሌግራም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልክ ለብዙ ተማሪ እንደ ደብተር የትምህርት ዕቃ ሆኗል፤ ጨርሶ ማስወገድ የሚቻልበት ቤት ጥቂት ነው።

የኢንተርኔት አደጋዎችን በአራት መክፈል በዘርፉ ምሁራን ዘንድ የተለመደ ሆኗል፤ ሶንያ ሊቪንግስተንና ባልደረባዋ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት አከፋፈል ነው። የመጀመሪያው የይዘት አደጋ ነው፤ ልጁ ማየት የማይገባውን ያያል። ሁለተኛው የግንኙነት አደጋ ነው፤ ሊጎዳው የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል። ሦስተኛው የጠባይ አደጋ ነው፤ ልጆች እርስ በርሳቸው ይሰዳደባሉ፣ አንዱ የሌላውን ፎቶ ያሰራጫል። አራተኛው የውል አደጋ ነው፤ ልጁ ሳያውቀው መረጃውን ይሰጣል፣ በጨዋታ ውስጥ ገንዘብ ይከፍላል፣ ወይም መተግበሪያው ጊዜውን እንዲወስድበት ይስማማል።

ስለ ይዘት ጥቂት ብቻ እንበል። አልጎሪዝም ማለት አንድ መተግበሪያ ለተመልካቹ ቀጥሎ ምን እንደሚያሳየው የሚመርጥበት የስሌት ሥርዓት ነው። አልጎሪዝም ክፉና ደግ አይለይም፤ የሚለካው ተመልካቹ ምን ላይ እንደቆየ ነው። አንድ ልጅ በአስፈሪ ቪዲዮ ላይ ደንግጦ ቢቆይም አልጎሪዝሙ «ወደደው» ብሎ ይቆጥርለታል። ስለዚህ ልጁ መጥፎ ነገር ማየቱ ሁልጊዜ መጥፎ ነገር መፈለጉን አያሳይም። ይህን ያወቀ አባት «ይህን የት አገኘኸው?» ብሎ ከመጮኹ በፊት «ይህ እንዴት መጣብህ?» ብሎ ይጠይቃል። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

ከአራቱ ሰፋ አድርገን ልናየው የሚገባን የግንኙነት አደጋ ነው። ልጅን ማጥመድ ማለት አንድ ሰው የልጅን እምነት በጥቂት በጥቂቱ አግኝቶ ለፆታዊ ጥቃት ወይም ለብዝበዛ የሚያዘጋጅበት ሂደት ነው። በፍቺው ውስጥ ያለውን «በጥቂት በጥቂቱ» የሚለውን አስተውሉ። ብዙ ወላጆች አጥማጅ ሲባል የሚታያቸው ከመጀመሪያው ቃሉ የሚታወቅ ባለጌ ነው። እንዲያ ቢሆን ልጆቹም ይለዩት ነበር።

ለትምህርት እንዲሆነን አንድ ምሳሌ እናስብ። አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ በእናቷ ስልክ የፈተና ጥያቄዎች የሚወጡበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለች። አንድ ቀን አንድ ሰው ለብቻዋ ይጽፍላታል፤ «ያን የሒሳብ ጥያቄ ቀድመሽ የመለስሽው አንቺ ነሽ አይደል? ጎበዝ ነሽ» ይላል። በማግስቱ የእንግሊዝኛ ወርክሺት ይልክላታል። በሳምንቱ ስለ ቤቷ ይጠይቃታል፤ አባቷ ቁጡ መሆኑን ትነግረዋለች፤ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ይላታል። ከዚያ የ50 ብር ካርድ ይልክላታል፤ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ አይገባትም» ይላል። ቀጥሎ ፎቶ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ በዩኒፎርም፣ ኋላ ሌላ ዓይነት። ፎቶው ከደረሰው በኋላ አነጋገሩ ይለወጣል፤ «ሌላ ካልላክሽ ይህን ለአባትሽ ነው የምልከው።»

ይህን ታሪክ ከመጀመሪያው መልሰን እንመርምረው። ማመስገን ክፉ አይደለም። ወርክሺት መላክ ክፉ አይደለም። ካርድ መላክም በእኛ ዘንድ የተለመደ ቸርነት ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ነውር የለበትም፤ ስለዚህ ልጅቷ «መጥፎ ሰው ሲያናግርሽ ዝም በዪው» የሚለውን ምክር ብትሰማም አይጠቅማትም፤ ሰውዬው መጥፎ መስሎ አልታያትምና። ነገሩ የተለወጠው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ያለ ጊዜ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ለዚያ ዝግጅት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የተቻለው በዚያ ምክንያት ነው። በመጨረሻም ሰውዬው ልጅቷን ለማስገደድ የተጠቀመበትን መሣሪያ አስተውሉ። የራሱ የሆነ ምንም ኃይል የለውም፤ የሚኖርበትን እንኳ አናውቅም። መሣሪያ ያደረገው የአባቷን ቁጣ ነው፤ ስለ ቁጣው የነገረችውም ራሷ ናት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ገመናንና ምስጢርን እንለይ። ገመና የአንድ ሰው የራሱ የሆነ፣ ከሌላ ዓይን ሊሸፈን የሚገባው ነገር ነው፤ አካሉ፣ የቤቱ ጉዳይ፣ ሕመሙ፣ የልቡ ሐሳብ። ምስጢር ደግሞ ሰዎች ለሌላ እንዳይነገር የተስማሙበት ነገር ነው። ገመና ሲጠበቅ የሚጠቀመው ባለቤቱ ነው። ምስጢር ሲጠበቅ ግን ማን እንደሚጠቀም መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእማዬ ልደት ስጦታ ገዝተን እስኪደርስ አንነግራትም ስንል ምስጢሩ ማንንም አይጎዳም፤ ቀኑ ሲደርስም ራሱ ይወጣል። ትልቅ ሰው ልጅን «ለማንም እንዳትነግሪ» ሲላት ግን የሚሸፈነው የእርሱ ሥራ ነው፤ ማብቂያ ቀንም የለውም።

ስለዚህ ለልጆች የምናስተምረው ደንብ አጭር ነው፤ ገመናህን ጠብቅ፤ ትልቅ ሰው የሰጠህን ምስጢር ግን አትጠብቅለት። የ5 ዓመት ሕፃን እንኳ ይህን ይረዳል። «በዋና ልብስ የሚሸፈነው አካልህ ገመናህ ነው፤ አይነካም፤ ፎቶም አይነሣም። ለእማዬ አትንገር የሚልህ ሰው ካለ ደግሞ ማንም ይሁን ማን፣ አጎትህም ቢሆን፣ ያን ለእማዬ ቶሎ ንገር።» «አጎትህም ቢሆን» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ልጆችን የሚያጠምድ ሰው ሁልጊዜ ባዕድ አይደለም፤ ዘመድ፣ የሰፈር ሰው፣ አስጠኚም ሊሆን ይችላል።

ልጁ ይህን ደንብ ቢያውቅም የሚያስቀረው አንድ ነገር አለ፤ የሚነግረው ሰው ምን እንደሚያደርገው መፍራቱ። ይህን ለመፍታት ወላጁ ራሱ ሦስት ነገሮችን መለየት ይኖርበታል፤ ስህተትን፣ ጥፋትንና ጉዳትን። ስህተት ባለማወቅ የተደረገ ነው። ጥፋት እያወቁ የተደረገ ነው። ጉዳት ሌላው ሰው ያደረሰብን ነው። በምሳሌያችን ያለችው ልጅ ካርዱን ስትቀበል ተሳስታለች። ለእናቷ አለመንገሯ፣ አውቃው ከሆነ፣ ትንሽ ጥፋት ነው። የተፈጸመባት ማስፈራራት ግን ጉዳት ነው፤ ወንጀልም ነው፤ ወንጀለኛውም እርሷ አይደለችም። ብዙ ቤት ውስጥ ሦስቱ ይቀላቀሉና ልጅቷ በደረሰባት ጉዳት ትቀጣለች፤ ስልኩ ይቀማል፣ ስድብ ይወርድባታል፣ «ቤተሰብ አዋረድሽ» ትባላለች። ይህን ያየ ታናሽ ወንድሟ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ አለመናገርን።

«ታዲያ አልቀጣም ብዬ ቃል ከገባሁ ልጁ አይባልግብኝም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ቃሉ ተግሣጽን የሚሽር አይደለም፤ ቅደም ተከተል የሚያስይዝ ነው። ውኃ ውስጥ የወደቀን ልጅ መጀመሪያ አውጥተን፣ አድርቀን፣ አሙቀን፣ ከዚያ ስለ ወንዙ እናስተምረዋለን። ወላጅ የሚገባው ቃል «ምንም ብታደርግ ግድ የለኝም» አይደለም፤ «የሚያስፈራህ ነገር ይዘህ ከመጣህ በዚያ ቀን አልቆጣህም፤ ስለ ነገርከኝም ስልክህን አልቀማህም» የሚል ነው። ይህ ቃል ከተጠበቀ «ለአባትሽ እልከዋለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ኃይሉን ያጣል፤ አባቷ አስቀድሞ ያውቃልና። ከየትኛውም መተግበሪያ መቆጣጠሪያ ይህን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያየነውን እንያዝ። አደጋ ከጉዳት ይለያል፤ ማጥመድ የሚሠራው በምስጢርና በወላጅ ቁጣ ነው፤ ገመና ይጠበቃል፣ በልጅ ላይ የተጫነ ምስጢር ግን አይጠበቅም። አሁን ወደ ስልኩ መሄድ እንችላለን፤ ከልጁ ስልክ በፊት ግን በወላጁ ስልክ እንጀምር።

የልጅን ገመና ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያወጣው የሚወደው ሰው ነው። በሰኔ መጨረሻ ፌስቡክን የከፈተ ሰው የተማሪዎች ሰርተፍኬት ይሞላበታል፤ ሙሉ ስም፣ የትምህርት ቤት ስም፣ ክፍል፣ ደረጃ፣ አንዳንዴም ዕድሜ፣ አጠገቡ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ። ወላጁ የተደሰተው በልጁ ጉብዝና ነው፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጅን ማግባባት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ መግቢያ የለም፤ «የአባትሽ ጓደኛ ነኝ፤ 2ኛ በመውጣትሽ እንኳን ደስ አለሽ» ማለት ይችላል። ደስታን ለመግለጽ ፎቶው ይበቃል፤ ሰርተፍኬቱ ቤት ይሰቀል። የሕፃናትን የገላ መታጠቢያ ፎቶም አታውጡ።

አሁን ስለ ዕድሜ። ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክና ሌሎችም አካውንት ለመክፈት 13 ዓመት ይጠይቃሉ። ብዙ ወላጆች ይህን ቁጥር «ከ13 በኋላ ልጁ ለዚህ ደርሷል» ብለው ይረዱታል። ቁጥሩ የመጣው ግን ከብስለት ጥናት አይደለም። አሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች የግል መረጃ ሲሰበስቡ የወላጅ ፈቃድ እንዲያገኙ ግዴታ ጣለች፤ ኩባንያዎቹም ከዚያ ዕድሜ በታች ያለውን አለመቀበል ቀለላቸው። አውስትራሊያ ደግሞ ከታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዋና ዋናዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች አካውንት እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች። እንግዲህ ሕግ የሚፈቅደው ዕድሜና ልጁ የሚችልበት ዕድሜ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ሕግ አውጪ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን ልጁን የሚያውቅ ወላጅ።

ይህ የዕድሜ ነገር በእኛ ቤቶች አንድ የተሰወረ ችግር አለበት። መተግበሪያዎቹ ለልጆች ብለው ያስቀመጧቸው መከለያዎች አሉ። ለምሳሌ ቲክቶክ ላይ ዕድሜው ከ16 በታች የተመዘገበ ልጅ የግል መልእክት መለዋወጥ አይችልም፤ አካውንቱም ሲከፈት ለሁሉ የሚታይ አይሆንም፤ ከ18 በታች የሆነም ላይቭ መግባት አይችልም። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ግን መተግበሪያው ልጁ ልጅ መሆኑን ሲያውቅ ነው። በብዙ ቤት ልጁ የሚጠቀመው በእናቱ ስልክና በእናቱ አካውንት ነው፤ መተግበሪያው የሚያየው የ38 ዓመት ሴት ነው። ወይም ስልኩ ሲገዛ የስልክ ቤቱ ልጅ «ኢሜይል ልክፈትልዎት» ብሎ የመጣለትን የልደት ቀን ሞልቶ፣ ፓስወርዱንም ራሱ አውጥቶ ይሰጣል። አካውንቱ ውስጥ ያለው የልደት ዓመት የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው የቴክኒክ ሥራ ይህ ነው፤ ለልጁ በእውነተኛ የልደት ቀኑ የራሱን አካውንት መክፈት፣ ፓስወርዱንም ወላጁ ማወቅ። ዕድሜን መዋሸት የማንፈቅደው ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ልጁን መከለያ አልባ ስለሚያደርገውም ነው።

በአንድሮይድ ስልክ ፋሚሊ ሊንክ የሚባል የጉግል መተግበሪያ በነጻ ይገኛል። ወላጁ በራሱ ስልክ ሆኖ ልጁ የሚያወርደውን መተግበሪያ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፤ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ስልኩ እንዲዘጋ ያደርጋል። ቲክቶክም የወላጅንና የልጅን አካውንት የሚያገናኝ ፋሚሊ ፔሪንግ የሚባል መቆጣጠሪያ አለው። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለውን ስትከፍቱ ስልክ ቁጥርን ማን እንደሚያይና ልጁን ወደ ግሩፕ ማን ማስገባት እንደሚችል የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ የመጀመሪያውን ለማንም እንዳይታይ፣ ሁለተኛውን ለሚያውቃቸው ሰዎች ብቻ አድርጉት። ይህን ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ አድርጉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእናንተ ይልቅ እርሱ ይችልበታል፤ እየነካካ ያሳያችኋል፤ እናንተ ደግሞ ለምን እንደሆነ ታስረዱታላችሁ። ቅድም መከታተል ያልነው እንዲህ ነው። ፍሪ ፋየርና ሮብሎክስን በመሳሰሉ ጨዋታዎች ውስጥም ከማይታወቅ ሰው ጋር መነጋገሪያ እንዳለ አትርሱ፤ ጨዋታ ነው ብሎ የተወ ወላጅ ብዙ ነው።

በዓረብ አገር የሚሠሩ እናቶችን ለይቼ ማናገር እፈልጋለሁ። ከጅዳ፣ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት የሚላከው ስልክ ለብዙ ልጅ የመጀመሪያ ስልኩ ነው፤ እናትና ልጅ የሚተያዩበትም እርሱ ነው። አገር ቤት የምትጠብቀው አያቱ ናት፤ አያቱ ጽሑፍ ላታነብ ትችላለች። ስለዚህ ስልኩን ከመላካችሁ በፊት አካውንቱን እናንተ ክፈቱ፤ ፋሚሊ ሊንክን ከእናንተ ስልክ ጋር አገናኙት፤ ርቀት አያግደውም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ከጓደኞቹ ጋር በምትናገሩት ቋንቋ ላያወራ ይችላል። ቋንቋውን አለመቻል ጠባቂነትን አይሽርም። «ይህ ሰው ማን ነው? ፊት ለፊት ታውቀዋለህ? አትንገር ያለህ ነገር አለ?» የሚሉት ጥያቄዎች በአማርኛም ይጠየቃሉ።

አሁን ነገሩ ቢደርስ ምን እንደምናደርግ እንይ። በምስል ማስገደድ ማለት የአንድን ሰው ገመና የሚያሳይ ምስል ይዞ፣ ሌላ ምስል ወይም ገንዘብ ካልሰጠኸኝ አሰራጨዋለሁ ብሎ ማስፈራራት ነው። ወንዶች ልጆችም ይደርስባቸዋል፤ እነርሱን ብዙ ጊዜ ገንዘብ ይጠይቋቸዋል። ገንዘብ አትክፈሉ፤ የከፈለ ሰው መልሶ ይጠየቃልና። መልእክቶቹን በንዴት አታጥፉ፤ የሰውየውን አካውንት ስምና የጻፈውን ስክሪንሾት አንሥታችሁ ያዙ፤ ከዚያ ብሎክ አድርጉት፣ ለመተግበሪያውም ሪፖርት አድርጉ። የልጁን ምስል ግን «ምክር ልጠይቅ» ብላችሁ ለወንድም ወይም ለጎረቤት አትላኩ። እንዲህ ያለ ምስል በተላለፈ ቁጥር የልጁ ገመና እንደገና ይገለጣል፤ በሕግም ያስጠይቃል።

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 የሕፃናትን ወሲባዊ ምስል ማዘጋጀትን፣ ማሰራጨትን፣ ይዞ መገኘትንም ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ልጅን በኮምፒዩተር ሥርዓት በሚላክ ወሲባዊ ንግግር፣ ጽሑፍ ወይም ምስል ማባበል ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይህ ማለት በምሳሌያችን ያለችው ልጅ እናት ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ የምትሄደው ልመና ይዛ ሳይሆን መብት ይዛ ነው። በእስራኤል ያላችሁ በ105 ደውሉ፤ መስመሩ ለልጆች የኢንተርኔት ጥቃት የተቋቋመ ነው። በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል ጥቆማ ይቀበላል፤ ይኸው ማዕከል «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎትም አለው። አገልግሎቱ አንድ ሰው ከ18 ዓመት በታች ሳለ ለተነሣው፣ ገላን ለሚያሳይ ምስል መለያ ቁጥር ያወጣል፤ ምስሉ ከስልኩ አይወጣም፤ የተባበሩት መተግበሪያዎች በዚያ ቁጥር ምስሉን ፈልገው ያነሡታል። በየትኛውም አገር ያለ ልጅ ስሙን ሳይናገር ሊጠቀምበት ይችላል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁ አጠገባችሁ ነው፤ ፊታችሁንም ያያል። ከፖሊስም ከመተግበሪያም በፊት መስማት ያለበት «ስለ ነገርከኝ ደስ ብሎኛል፤ ጥፋቱ የዚያ ሰው ነው» የሚለውን ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ትምህርት ካነበባችሁ በኋላ ነገ ሳትሉ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ስልኩን አብራችሁ ክፈቱ፤ የልደት ቀኑ ትክክል መሆኑን እዩ፤ በቴሌግራም ማን ወደ ግሩፕ እንደሚያስገባው አስተካክሉ። ከዚያ በራሳችሁ ቃል ንገሩት፤ የሚያስፈራህ ወይም የሚያሳፍርህ ነገር ቢመጣብህ መጀመሪያ ወደ እኔ ና፤ ያን ቀን አልቆጣህም። አንድ ቀን ደግሞ ይመጣል፤ ምናልባትም ደክማችሁ ከሥራ በገባችሁበት ምሽት። ያን ምሽት አትቆጡት።